ሶኬቱ ላይ ከመሰካትሽ በፊት

እስቲ ስልክሽን ወደዚህ አዙሪልኝ። ሁለት ፓነል፣ አንድ ኢንቨርተር፣ አንድ ገመድ። «በረንዳ ላይ ይስቀሉ፣ ሶኬት ላይ ይሰኩ፣ ቢልዎ ይቀንሳል» ይላል። ካርት ውስጥ ከትተሽዋል፣ የቀረሽ መክፈል ብቻ ነው። ቆይ፣ ገና አትክፈዪ። ሶላር ጠልቼ አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም በፊት ላንቺ እንዲኖርሽ እፈልጋለሁ። ግን ሻጩ ያልጻፈልሽ ነገር አለና ስሚኝ።

ለምን እንደፈለግሽው ይገባኛል። ከ2023 ወዲህ (ዓመቶቹን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) የመብራት ኩባንያችን ጆርጂያ ፓወር ስድስት ጊዜ ዋጋ ጨምሯል። የቮግል ኒውክሌር ጣቢያ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል በ2023 እና በ2024 ሥራ ሲጀምሩ፣ ከወጪው ብዙው የወረደው በኛ ቢል ላይ ነው። በጁላይ 2025 መነሻ ታሪፉ እስከ 2028 ባለበት ይቆይ ተብሏል፤ የኦገስት ሙቀት ግን ባለበት አይቆይም፣ ኤሲው ቀንና ሌሊት ይሠራል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ጣራው ላይ ሶላር ያስገጥማል። አንቺ ያለሽ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ፣ ከሮዝዌል ሮድ ገባ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ በረንዳ ነው። ለዚህ ነው ማስታወቂያው ልብሽን የሳበው።

መጀመሪያ የማስጠነቅቅሽ አብዛኞቻችን የምንሳሳትበትን ነገር ነው። አገር ቤት መብራት በሄደ ቁጥር በጨለማ ሻማ እየፈለግን ያደግን ልጆች ነንና፣ «ሶላር» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን «መብራት ሲጠፋ እኔ ጋ ይበራል» የሚል ሐሳብ ነው። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ሶላር የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲጠፋም ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ምክንያቱም ዛፍ የጣለውን ሽቦ ሊጠግን የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲነካው ካንቺ በረንዳ በሚመጣ ኮረንቲ መያዝ የለበትም። ስለዚህ ማዕበል ሲመጣ ፍሪጄን ያድንልኛል ብለሽ ከሆነ የምትገዢው፣ ባትሪ ከሌለው አያድንልሽም።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። በምጣድሽ ላስረዳሽ።

ሳሎን የሰካሽው ምጣድ 1,500 ዋት ይበላል እንበል። እዚህ ያለው ኮረንቲ 120 ቮልት ስለሆነ 12.5 አምፒር ይስባል ማለት ነው። እዚያው ሳሎን ደግሞ ቡና ልታፈዪ 1,000 ዋት ምድጃ ሰካሽ፣ 8.3 አምፒር ተጨመረ። ድምሩ 20.8 ነው። የበረንዳውና የሳሎኑ ሶኬት ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ መስመሩ ባለ 15 አምፒር ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል። ትበሳጫለሽ፣ አንዱን ነቅለሽ ብሬከሩን ትመልሺዋለሽ፣ አለቀ። ብሬከሩ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን በዚያው መስመር ላይ 800 ዋት ፓነል ይሰካና እኩለ ቀን ፀሐይ ይምታው። 6.7 አምፒር በበረንዳው በኩል ይገባል። ብሬከሩ የሚያየው በራሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው፣ 14.1 አምፒር። ከ15 በታች ስለሆነ ዝም ይላል። ግድግዳው ውስጥ፣ ሁለቱ ኮረንቲዎች ተገናኝተው ወደ ሳሎን የሚሄዱበት ሽቦ ግን 20.8ቱን በሙሉ ሊሸከም ይችላል፤ የተሠራው ግን ለ15 ነው። አንድ ቀን ምንም ላይሆን ይችላል። ለበዓል ቀኑን ሙሉ ስትጋግሪ ግን ሽቦው ይሞቃል፣ የሚሞቀውም አንቺ በማታዪው ቦታ ነው፤ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ የጎረቤትሽ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ነው።

«ጀርመኖች በሚሊዮን ሰክተዋል፣ ምን ሆኑ?» ትዪኛለሽ። እውነትሽን ነው። በ2025 አጋማሽ ላይ ጀርመን ውስጥ የተመዘገበው የበረንዳ ሶላር ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ግን የጀርመን ቤት 230 ቮልት ነው። ያው 800 ዋት እነሱ ጋ 3.5 አምፒር ብቻ ነው የሚያስገባው፤ እኛ ጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ የእነሱን ቁጥር ገልብጠን ማምጣት አንችልም። የእነሱን አሠራር ግን መማር እንችላለን፣ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ደግሞ የበረንዳሽን ሶኬት ልብ ብለሽ እዪው። መሐሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ካሉት፣ አንዱ መፈተኛ አንዱ መመለሻ፣ ውሃ ሲነካው ሰው እንዳይዝ ኮረንቲውን የሚቆርጥ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት ኮረንቲ ወደ ውጭ እንዲሰጡ እንጂ ከውጭ እንዲቀበሉ አይደለም። በተቃራኒው ሲገፋባቸው ሊበላሹ ይችላሉ፣ የሚበላሹትም ሳይነግሩሽ ነው። ቁልፉ እንዳለ ያለ ይመስልሻል፣ ዝናብ በሚመታው በረንዳ ላይ ግን የሚጠብቅሽ ነገር የለም።

ወደ ደንቡ ልምጣ። እዚህ ከመስመሩ ጋር ተያይዞ ኮረንቲ የሚያመነጭ ነገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ኩባንያው አስቀድሞ አውቆ በውል መፍቀድ አለበት። ማመልከቻ አለው፣ ቴክኒካዊ ሥዕል አለው፣ ቁጥጥር አለው። ያ ሁሉ የተጻፈው ለጣራ ሶላር፣ ኤሌክትሪሺያን ቀጥሮ ለሚያስገጥም ባለቤት ነው። ተከራይ አንድ ፓነል ይዛ ብትቀርብ ፎርሙ እሷን አያውቃትም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በዲሴምበር 2025 የጆርጂያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ አብዛኛው ለዳታ ሴንተሮች የሚውል ወደ 10,000 ሜጋዋት የሚጠጋ አዲስ ኃይል ለጆርጂያ ፓወር አጽድቋል። ለዚያ ጊዜ ተገኝቷል፣ ስብሰባ ተጠርቷል። ለበረንዳ 800 ዋት የሚሆን አንድ ገጽ ደንብ መጻፍ ከዚያ አይከብድም።

ሌሎች ጽፈውታል። ዩታ በ2025 ኤችቢ 340 የተባለ ሕግ አወጣች። እስከ 1,200 ዋት የሚደርስና ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሶላር ከኩባንያው ጋር ውል መዋዋል፣ ክፍያ መክፈል አያስፈልገውም አለች። በምላሹ ዕቃው በታወቀ ተቋም የተፈተነ መሆን አለበት፣ መስመሩ ሲሞት ራሱን ማጥፋት አለበት። ሕጉን ያቀረበው ሬይመንድ ዋርድ የተባለ የሪፐብሊካን ተወካይ ነው፣ ያለፈውም ያለ ተቃውሞ ድምፅ ነው። ይህን ያዢው፣ የኛም ምክር ቤት ሪፐብሊካን የሚበዛበት ነውና «ይሄ የግራ ዘመሞች ነገር ነው» ለሚልሽ ጥሩ መልስ ነው። ከዩታ በኋላ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ረቂቅ አቅርበዋል። ዩኤል ሶሉሽንስ የተባለው ፈታኝ ድርጅትም በቅርቡ ለዚሁ ዓይነት ዕቃ ብቻ የሚሆን ዩኤል 3700 የሚባል መመዘኛ አውጥቷል፤ ቅድም በምጣዱ ያሳየሁሽን የሽቦ ጉዳይና የበረንዳ ሶኬቱን ጉዳይ የሚመለከት ነው።

ጀርመኖች ደግሞ በ2024 ገደቡን ከ600 ወደ 800 ዋት ከፍ አድርገው፣ ምዝገባውን አንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በጥቂት ጥያቄ የሚያልቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት አከራይ ያለ በቂ ምክንያት «አይሆንም» ማለት እንዳይችል የኪራይ ሕጋቸውን አሻሻሉ። እኔ ከሁሉም የምቀናው በዚህኛው ነው። ዋቱ ተፈቅዶ አከራዩ ከከለከለሽ ምን ዋጋ አለው?

ያንቺን የኪራይ ውል አውጪና በረንዳን የሚመለከተውን አንቀጽ አንብቢ። የበረንዳው አጥር ላይ ምንም ነገር አይሰቀል የሚል በብዙ ውል ውስጥ አለ፣ ለፓነል ደግሞ የተለየ ምክንያት አላቸው፤ ሃያ ኪሎ የሚመዝን መስታወት ነፋስ ነቅሎት ከሦስተኛ ፎቅ ቢወርድ ከሥር ሰው አለ። ሊዚንግ ኦፊስ ውስጥ ያለችው ልጅ በቃል «ችግር የለውም» ብትልሽ አትቀበዪ፣ በኢሜይል ትጻፍልሽ። የተከራይ ኢንሹራንስሽንም ጠይቂ። ያልተፈቀደ ዕቃ እሳት ካስነሳ ኢንሹራንሱ ሊከራከርሽ ይችላል፣ ያኔ የምትከፍዪው ያንቺን ሶፋ ብቻ አይደለም።

ገንዘቡንም እናስላው፣ እዚህ ላይ አታፍሪ። አትላንታ ፀሐይ አላት። 800 ዋት ፓነል በደንብ ዘንበል ብሎ ደቡብን ካየ በዓመት ወደ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። አንዱን በ15 ሳንቲም ብናስበው 150 ዶላር ነው። ያንቺ ግን የበረንዳው አጥር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከፊቱም ጥድ አለ፤ ስለዚህ ቀንሺለት። ከዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ በዚያች ሰዓት የምትጠቀሚውን ብቻ ነው የሚቆጥብልሽ። ቀን ሥራ ከሆንሽ ቤት ያለው ፍሪጅና ዋይፋይ ነው፣ የተረፈው በነፃ ወደ ኩባንያው ይሄዳል። እንዲያውም ሳይመዘገብ የተሰካ ከሆነ፣ አንዳንዱ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ ውጭ የወጣውን እንደ ፍጆታ ሊቆጥርብሽ ይችላል። ሌሊት ሠርታ ቀን ኤሲ ከፍታ ለምትተኛ ነርስ ግን ሒሳቡ የተሻለ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ «30 በመቶውን ታክስ ይመልስልሻል» የሚልሽ ሻጭ ካለ አትመኚው፣ የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሶላር የታክስ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

«ታዲያ ምን ልግዛ?» ካልሽ፣ ለአሁኑ ከግድግዳው ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ግዢ። የሚታጠፍ 200 ዋት ፓነልና ባለ 1,000 ዋት ሰዓት ባትሪ። ፓነሉን በረንዳው ወለል ላይ ትዘረጊዋለሽ፣ ባትሪው ይሞላል፣ ስልክና ላፕቶፕና መብራት ከባትሪው ላይ ትሰኪያለሽ። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ይሄ ይበራልሻል፣ ቅድም የፈለግሽውም ይሄንኑ ነበር። ምጣድ ግን አትሰኪበት፣ አርባ ደቂቃ ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ስትገዢ ዩኤል 2743 የሚል ምልክት ይኑረው፣ ኬሚካሉም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሁን። ባትሪውን ራሱን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተይው። በሁለቱም ጫፍ ወንድ የሆነ ገመድ ገዝተሽ ባትሪውን ግድግዳ ላይ ልሰካ እንዳትዪ፣ ይህንን ስለምወድሽ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። አንዱ ጫፍ ተሰክቶ ሌላው እጅሽ ላይ ያለው የገመዱ ብረት ኮረንቲ አለው፣ ይገድላል።

ለእማማም አንዱን ልላክ ብለሽ አስበሽ ከሆነ፣ የዚህ አገር ኢንቨርተር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፣ አገር ቤት ደግሞ 220 እና 50 ነው፣ አይሠራላትም። ትልቁን ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ልክተተው ብትዪም አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ አይጭንም። እዚያው አዲስ አበባ ይገዛላት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደንቡ እስኪወጣ ዝም ብለሽ እንዳትጠብቂ። በኖቬምበር 2025 ለሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽኑ በተደረገው ምርጫ አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሃባርድ በወንበሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ኮሚሽነሮች አሸንፈዋል፣ ምክንያቱም ሰው በቢሉ ተማሮ ወጥቶ መርጧል። አምስቱም ኮሚሽነሮች የሚመረጡት በመላው ጆርጂያ ሕዝብ ነው፣ የሳንዲ ስፕሪንግስ ድምፅ ለአምስቱም ይቆጠራል። ዜግነትሽን ካገኘሽ ተመዝገቢ። ካላገኘሽም ለኮሚሽኑ አስተያየት መጻፍ፣ ችሎቱ ላይ ቀርቦ መናገር ይቻላል። ሕጉን የሚያወጣው ግን ምክር ቤቱ ነው፣ በየዓመቱ ጃንዋሪ ተሰብስቦ ለ40 የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ለምክር ቤቱ የምትጽፊው ደብዳቤ ከገና በፊት ይድረስ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ተከራይ እንደሆንሽ፣ ሮዝዌል ሮድ አካባቢ እንደምትኖሪ፣ የኦገስት ቢልሽ ስንት እንደነበር ጻፊ። ከዚያ የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂ፦ በዋት የተወሰነ ገደብ፣ ዩኤል 3700ን ያለፈ ዕቃ ብቻ፣ በውል ፈንታ ለኩባንያው ማሳወቅ ብቻ፣ አከራይም ከደኅንነት ውጭ በሆነ ምክንያት እንዳይከለክል። ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትረሺ፣ እሷን ካልጠየቅን ሕጉ ቢወጣም የሚጠቅመው ቤት ያለውን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታገኚያቸውን ሴቶችም አስፈርሚ። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊውና ላኪልኝ፣ እንግሊዝኛውን እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን እናስተካክለዋለን።