የከተማን ገበያ መለካት፦ ዲላና የጌዴኦ ቡና

በዲላ ሆቴል ለመክፈት ወይም የሸቀጥ መጋዘን ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ የሚያየው የመንገዱን ግርግር ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ ግርግር አይጠፋባትም። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ግን አስቀድመው የሚጠይቁት "ወደ ከተማዋ የሚገባው ገንዘብ ምንጩ ምንድን ነው?" ብለው ነው።

በእነርሱ አሠራር ሥራ ሁሉ በሁለት ይከፈላል። ከአካባቢው ውጭ ካለ ገዢ ገንዘብ የሚያስገባው "መሠረታዊ ሥራ" ሲባል፣ የገባውን ገንዘብ እዚያው የሚያዘዋውሩት ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ልብስ ስፌት የመሳሰሉት ደግሞ "ተከታይ ሥራ" ይባላሉ። በጌዴኦ ዋነኛው መሠረት ቡና ነው። በይርጋ ጨፌ አካባቢ እንደ ኢዲዶ ባሉ ቀበሌዎች የተለቀመው እሸት ቡና ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ከገበሬው፣ ከሰብሳቢውና ከአቅራቢው እጅ አልፎ የዲላ ሱቅ ይደርሳል። ደመወዙ ከፌዴራል በጀት የሚከፈለው ዲላ ዩኒቨርሲቲም ከመሠረታዊው ወገን ይቆጠራል።

አንደኛው ዘዴ ድርሻን ማነጻጸር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ዞን ከ100 ሠራተኞች 30ዎቹ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 10ሩ ብቻ በቡና ሥራ ተሰማርተዋል እንበል። 30 ለ10 ሲካፈል 3 ይሆናል። ውጤቱ ከ1 ከበለጠ ዘርፉ ለውጭ ገበያ የሚተርፍ ነው፤ ካነሰ ግን አካባቢው ከሌላ ቦታ ይገዛል።

ሁለተኛው ዘዴ ብዜቱን ማስላት ነው። ከ1,000 ሥራ 400ው መሠረታዊ ቢሆን፣ አንድ መሠረታዊ ሥራ ራሱን ጨምሮ 2.5 ሥራ ይሸከማል። በመሆኑም 100 መሠረታዊ ሥራ ሲጠፋ በጠቅላላው 250 ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ዘዴ የሥራ ዕድገትን በምክንያቱ ይለያል፦ አገሪቱ በማደጓ የመጣ፣ ዘርፉ በመላ አገሪቱ በመስፋፋቱ የመጣ፣ አካባቢው ከሌሎች በመብለጡ የመጣ። የዲላን የራሷን ጥንካሬ የሚያሳየው የመጨረሻው ነው።

ይሁን እንጂ ስሌት ከቆጠራው አይበልጥም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪው ከ100 ሰው 13 ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። በለቀማ ወራት ብቻ የሚቀጠሩትም ጥናቱ በሌላ ወር ከተደረገ ከመዝገብ ይቀራሉ። እንሰትም ስሌቱን ያዛባል፤ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ቆጮ የገበሬውን ቤተሰብ ያጠግባል፣ ሱቁን ግን አያጠግብም።

ስለዚህ ነጋዴው ከራሱ መዝገብ ቢጀምር ይበጀዋል። የቡና መሰብሰቢያ ወራት ሽያጩን ከክረምቱ ጋር ያስተያይ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ፣ የሚሸጠው ጨርቅም ይሁን ቆርቆሮ፣ ንግዱ የቆመው በቡና ላይ ነው፤ የባንክ ብድሩን መክፈያና የዱቤውን ቀጠሮም ከቡናው ወራት ጋር ማስማማት ይኖርበታል።