ስለ አረጋውያት እናቶች አለባበስ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 2 ቁጥር 3 እና 4፣ ስለ አሮጊቶች አካሄድ ያዘዘውን ስንመረምር፣ እርጅና ለቈነጃጅት አስተማሪ የሚያደርግ ማዕርግ መሆኑን እንረዳለን። አለባበስም የዚሁ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው።

ነገር ግን አስቀድመን የምንናገረው ስለ ኀፍረት ነው። በበዓል ቀን «አዲስ ጥበብ የለኝም» ብለው ከቤተ ክርስቲያን የሚቀሩ እናቶች አሉ። ያስቀራቸውም ድህነታቸው ብቻ አይደለም፤ በዐውደ ምሕረቱ ቆሞ የሰውን ጥለት የሚመረምር ዐይን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በአንደኛይቱ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 3፣ የልብን ጌጥ ከውጭው ጌጥ ያስበለጠ መሆኑን ማን ያጣዋል? አሮጌ ነጠላ ታጥቦ ከነጣ፣ የተቀደደውም ከተጣፈ፣ ለቅዳሴ የተገባ ልብስ ነው።

ይህን ስንል እናቶች አይዋቡ ማለታችን አይደለም። መልካም ጥለት ለሽበት ያምራል፤ እንዲያውም ከወጣቶቹ ይልቅ የሚያምርባቸው ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸው ልብስ ሲገዙላቸው ግን ጕልበታቸውን ያስቡላቸው። ቀሚሱ በስግደት ጊዜ እንዳይጠልፋቸው ከቍርጭምጭሚት አይውረድ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ማውለቅ ግድ ስለ ሆነ፣ ማሰሪያ የሌለው ይመረጥላቸው። ለሌሊቱ ብርድ በአራት ድርብ የሚሠራው ጋቢ ከስሱ ነጠላ ይሻላል። ጥበብ አስመስሎ በፋብሪካ የታተመው ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ዋጋው ቢረክስም፣ እንደ ጥጥ ላብ አይመጥም።

ክንዳቸው አልታዘዝ ብሎ ነጠላቸውን መስቀለኛ ማጣፋት የተሳናቸውንም እናት፣ በአጠገባቸው የቆመች ወጣት ታልብሳቸው።