ለመከተብ ወይስ ለመቁጠር?

እንበል፣ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን እንዲጠብቁ ተመደቡ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ለክትባት ካዋሉት ብዙ እንስሳ ይከተባል፤ ለክትትል ካዋሉት ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱን ያውቃሉ። ክትትል የምንለው አንድን ነገር በየጊዜው፣ በተመሳሳይ መንገድ እየለኩ ለውጡን ማየትን ነው።

መለካት በራሱ እንስሳ አያድንም። በአውስትራሊያ የክሪስማስ ደሴት የምትገኝ አንዲት ትንሽ የሌሊት ወፍ ዝርያ ቁጥሯ እየመነመነ መሄዱ ለዓመታት ሲመዘገብ ቆየ። ይዘው ሊያራቧት ወስነው ሲሰማሩ ግን ያገኙት አንዲት ብቻ ነበር፤ እሷንም መያዝ አልቻሉም። ድምጿ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ. ነው። የቀረው መዝገቡ ነው።

ታዲያ ክትትሉን እንተወው? ወደ ባሌ እንመለስ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከዋነኛ ጠላቶቻቸው አንዱ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌው ወብ ሸለቆ የቀበሮ ሬሳ መገኘት ሲጀምር፣ መንጋዎቹን በቅርበት የሚያውቋቸው ተከታታዮች ነገሩን ቶሎ አስተዋሉ። የትኛው ሸለቆ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝም ያውቁ ስለነበር ሁሉንም መከተብ አላስፈለገም፤ በሽታው የሚሻገርበትን መተላለፊያ በክትባት መዝጋት በቃ። በሸለቆው ውስጥ አብዛኞቹ አለቁ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን ተረፉ።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ጥያቄ ይፈትሹት፦ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን አደርጋለሁ? እንዲያ ቢሆንስ?» መልስዎ ሁለቱም ጊዜ አንድ ከሆነ ብሩን ለሥራው ያውሉት።

ኋላ ላይ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ የመስጠት ሐሳብ መጣ። እዚህ ላይ እውነተኛ ጥርጣሬ ነበር፤ ቀበሮዎቹ ይበሉታል? ከበሉስ ደማቸው ውስጥ በሽታውን የሚከላከለው ነገር ይፈጠራል? ካልሆነ ለትልቅ ዘመቻ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ሁሉንም መቁጠር አያሻም፤ ጥቂቶቹን ይዞ ደም መመርመር ይበቃል። የቁጥር መጨመር ብቻውን ደግሞ ያታልላል፦ ቀበሮ የሚኖረው አይጥና ፍልፈል እየበላ ስለሆነ፣ የጨመረው ክትባቱ ሠርቶ ይሁን ምግቡ ተርፎ አይለይም። ለመለየት አንዳንድ መንጋዎችን ሳይከትቡ ትቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለ500 የማይሞላ ፍጥረት ግን ይህን ዋጋ መክፈል፣ በእኔ እምነት፣ ከልክ ያለፈ ነው። የደም ምርመራው ሁሉን ባይነግረንም ለውሳኔ ያህል ይነግረናል።

ስለዚህ የክትትሉ ድርሻ ቋሚ አይደለም። ዘዴው ሲያጠራጥር ለልኬት ብዙ ይመድቡ፤ ሲታወቅ ይቀንሱ፤ የማንቂያ ደወሉን ግን ያቆዩ። ደወሉ በፈረስም በእግርም ሸለቆውን የሚያዳርሰው የተከታታዮቹ ቅኝት ነው። ለብዙ ወራት ምንም አዲስ ነገር ስለማያመጣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ ሊሰርዙት የሚያጓጓዎት እሱ ይሆናል። እኔ ብሆን መጨረሻ ላይ ነበር የምሰርዘው።