«ጣሪያው ያፈሳል!» ፍራሽ ላይ ስለሚሸኑ ልጆችና ስለ ሳቅ

ዛሬ መጀመሪያ ስለራሴ ትንሽ ላውራችሁና ከዚያ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ፍራሽ ላይ እሸና ነበር። አዎ፣ እኔው ሐኪማችሁ! የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ስለነበር፣ የኔ ፍራሽ ሲሰጣ የማያይ አልነበረም። «በእሳት ተጫውቶ ነው» የሚሉ ትልልቅ ሰዎችም፣ ሲያዩኝ አፍንጫቸውን የሚይዙ ልጆችም ነበሩ። ዘመድ ቤት እደር ስባል ሆዴን አመመኝ እል ነበር።

እናቴ ግን አንድም ቀን አልመታችኝም። ጠዋት ፍራሹን ስታሰጣ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ «ጣሪያው እያፈሰሰ አስቸገረን!»

በቀደም እሁድ ቡና እየጠጣን፣ በዚህ ምክንያት ስለሚገረፉ ልጆች አነሳሁላት። ትንሽ ዝም አለችና «የጣሪያውን ነገር ነግሬህ አላውቅም አይደል?» አለችኝ።

ለካ በጥር ወር፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ አንድ ደግ ጎረቤታችን አዝነውልን መሰላልና ሚስማር ይዘው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። ቀዳዳ ቢፈልጉ የለም። ባዶ እጄን አልወርድም ብለው ግን ቆርቆሮውን እዚህም እዚያም መቱት። ክረምት ሲገባ ጣሪያው የምሩን ማፍሰስ ጀመረ፤ ያውም ከእሷ አልጋ በላይ! እኔ ደግሞ በዚያው ክረምት መሽናት አቆምኩ።

«አንተ ስትደርቅ እኔ ራስኩ!» አለች። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሃያ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሀፍረት በዚያች ቅጽበት ቀለለኝ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማን ላይ ልቆጣ? እኔም እስከ አስራ አንድ ዓመቴ እሸና ነበር። አባቴ ይገርፈኝ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነዋ።»

ይቺን መልስ ስሰማ ነው ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት።

👉 ልጆች ለምን ይሸናሉ?

5 ዓመት የሞላው ልጅ በእንቅልፍ ልቡ በተደጋጋሚ የሚሸና ከሆነ ኢኑሬሲስ እንለዋለን። ስንፍናም እልህም አይደለም። ማታ ሽንትን የሚቀንሰው ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ሊያንስ ይችላል፤ ፊኛው ብዙ ሽንት መያዝ ላይችል ይችላል፤ ወይም ፊኛው ሲሞላ አንጎል ልጁን አይቀሰቅሰውም። በዘርም ይተላለፋል። ከወላጆች አንዱ ይሸና ከነበረ ልጁ የመሽናት ዕድሉ ወደ 44 በመቶ፣ ሁለቱም ከሆኑ ወደ 77 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት እስቲ አያቶችን ጠይቁ!

👉 ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

✅ ቀን ላይ ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት 1–2 ሰዓታት ግን ይቀንስ። ማታ ሻይ፣ ቡናና ኮካ ይቅርበት።
✅ ልክ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ።
✅ የሆድ ድርቀት ካለው ይታከም። የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል።
✅ የምታመሰግኑት ፍራሹ ስለደረቀ ሳይሆን ሽንት ቤት ሄዶ ስለተኛ ይሁን። የመጀመሪያው በእጁ አይደለም፣ ሁለተኛው ግን በእጁ ነው።
❌ መምታት፣ ማስፈራራት፣ ሰው ፊት ማውራት አያድንም። ሀፍረት ብቻ ይጨምራል።

👉 ሐኪም ጋ መቼ እንሂድ?

ቢያንስ 6 ወር ደርቆ ከቆየ በኋላ እንደገና ከጀመረው፣ ቀንም ካመለጠው፣ ሲሸና ካቃጠለው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ማታ በጣም የሚያንኮራፋ ከሆነ አሳዩት። ውሃ በጣም እየጠማው ከሳ ካላችሁ ደግሞ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ውሰዱት። ችግሩ ልጁን ካስጨነቀው ማንቂያ ደወልና ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት አሉ፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትስጡ።

👉 ሳቁስ?

ሮድ ማርቲን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ቀልድን በአራት ከፍለውታል፦ ሰውን የሚያቀራርብ፣ ራስን የሚያበረታ፣ ሌላውን የሚያጠቃና ራስን የሚያዋርድ። አፍንጫቸውን የያዙት ልጆች ሳቅ ሦስተኛው ነው። የእናቴ ቡና ላይ የሳቅነው ግን የመጀመሪያው ነው። ለወላጆች በአጭሩ እንዲህ ልበል፦

1. ችግሩ ገና እያለ በልጁ አትሳቁ። ቁስሉ ሳይደርቅ አይነካካም።
2. ለመሳቅ ስትነሱ ከራሳችሁ ጀምሩ። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» የሚል ታሪክ ካላችሁ ዛሬ ማታ ንገሩት። ሃያ ዓመት አታቆዩት።
3. ታሪኩ የልጁ ነው። እሱ ራሱ ሲስቅበት አብራችሁ ሳቁ፤ ካልፈለገ ለእንግዳ አታውሩበት።

እኔ ይህን ከመለጠፌ በፊት እናቴን አስፈቅጃለሁ። «ጻፈው፤ ግን ጣሪያው አሁን ተሠርቷል በልልኝ» ብላለች።