ሰሜን ተራሮች ላይ እግር የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ዳገቱ ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ፣ ቀስ ካሉ ይወጡታል። ጣትና ጥፍር የሚያበላሸው መውረዱ ነው። ጫማዎንም ይህን አስበው ይምረጡ።

ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ ለለመደ እግር ብዙም አያስቸግርም፤ ጓሳ የለበሰው ሜዳማ ቦታማ ለተረከዝ ምቹ ነው። ፈተናው ወደ ራስ ደጀን ለሚቀጥሉት ነው። ከጨነቅ ወጥተው በቧሂት ተራራ ጎን 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን በር ካለፉ በኋላ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ እግርዎ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶችዎ የጫማውን አፍንጫ ይመታሉ። ማታ ካልሲ ሲያወልቁ የአውራ ጣትዎ ጥፍር ጠቁሮ ያገኙታል።

ስለዚህ ጫማ ሲገዙ እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ሄደው፣ ለጉዞው ባሰቡት ወፍራም ካልሲ ይለኩ። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት የሚያህል ክፍተት ይኑር። ሱቁ ደረጃ ካለው ወርደው ይሞክሩት። ጣትዎን ከነካው ይተውት። ሻጩ "ሲለመድ ይለቃል" ቢልዎት አይስሙት፤ በጎን ትንሽ ይለቅ ይሆናል፣ በርዝመት ግን አይለቅም። ቀጥሎ ጫማውን ለማጠፍ ይሞክሩ፦ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ የሚጠቀለል ከሆነ ውስጥ እግርዎን አይደግፍም። ከገዙ በኋላም የጉዞው መነሻ ከተማ ደባርቅ ከመድረስዎ በፊት ጥቂት ሳምንታት ከተማ ውስጥ ይራመዱበት።

ጓዝ የሚጭኑልዎት ባለ በቅሎዎች በኮንጎ ጫማ ቁልቁለቱን ሲበሩበት ያያሉ። አይቅኑ፤ እግራቸው ያደገው እዚያው ድንጋይ ላይ ነው።

ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ቆም ብለው ማሰሪያውን ይፍቱ። ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ቁርጭምጭሚቱ ሥር ጠበቅ፣ ጣቶቹ አካባቢ ላላ አድርገው ይሰሩት። ዱላም ይያዙ፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል።

ጠዋት ከድንኳን ሲወጡ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዝዎ ሥር እንደ ሚስማር የሚወጉዎት ከሆነ፣ ከተረከዝ እስከ ጣቶች የተዘረጋው ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት ባትዎን ያሳስቡ፤ ጫማው ውስጥም የእግርዎን ጎድጓዳ የሚደግፍ ሶል ያስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካምፕ ሲደርስ ነው፦ ቀኑን ሙሉ የደገፈውን ጫማ አውልቆ በጠፍጣፋ ነጠላ ጫማ ሲዞር ያመሻል። ተረከዙ የሚያመው ሰው ለማታም ወፈር ያለ፣ ድጋፍ ያለው ጫማ ቢይዝ ይሻለዋል።

ውሃ መቋጠርን ቀድመው ይከላከሉ። እግርዎ ላይ አንዱ ቦታ ሞቅ ሞቅ ማለት እንደ ጀመረ ቆመው ፕላስተር ይለጥፉ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቆያል፣ የሱፍ ይሻላል። ስኳር ሕመም ያለብዎ ደግሞ ባያምዎትም እግርዎን ማታ ማታ ይመልከቱ፤ የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም።

ደባርቅ ባለው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቀው በቅሎ ሲከራዩ፣ ከጭነቱ ሌላ ኮርቻ ያላት አንዲት ይጨምሩ። ከመኪና መንገድ ርቀው እግርዎ አብጦ መሬት መርገጥ ካቃተዎት የምታወጣዎት እሷ ናት።