ከሰል ባለበት ቤት በር አይዘጋም

በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ክረምቷ ብርዳም ነው። በዓመት ከሚዘንብባት ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በነዚህ ወራት የሌሊቱ ብርድ ወደ 10 ዲግሪ ይደርሳል። አንዳንድ ቀን በረዶም ይጥላል። ገበሬ ክረምትን የሚጠብቀው ማሳውን እያየ ነው። የከተማ ድሀ ግን ጣራውን እያየ ነው።

ዛሬ የምናነበው በልደታ ይኖር ስለ ነበረ አንድ ወጣት ቤተሰብ ነው። ስማቸውን አንጠራም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለና። ልደታ በአዲስ አበባ ያለ የቆየ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ልደታ ማለት መወለድ ማለት ነው። በዓሉም ግንቦት 1 ቀን ይከበራል። ዛሬ የሰፈሩ ብዙ ቦታ ፈርሶ ፎቅ ቤት ተሠርቶበታል። ይህ ቤተሰብ የኖረው ግን በድሮው ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ክፍሉም አንድ ብቻ ነበር።

ባልና ሚስቱ ከገጠር የመጡ ናቸው። ባል የቀን ሠራተኛ ነው፤ ለግንበኛ ድንጋይና ጭቃ ያቀብላል። ሚስት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሐምሌ ሲጋመስ ሚስት የሁለተኛ ልጇን ስምንተኛ ወር ይዛለች።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ግንባታ ይቆማል። ግንባታ ሲቆም የቀን ሠራተኛ ደመወዝ የለውም። ጣራው ስለሚያፈስ ከሥሩ ሁለት ባልዲና አንድ ድስት ተደርድሯል። ግድግዳው ርሷል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ግቢው ነጭ ሆነ። ሲመሽ ብርዱ ከአጥንት ገባ። ሚስት በከሰል ምድጃው ላይ ወጥ ሠርታ ነበርና ፍሙን እንዳለ ወደ አልጋው አስጠጋችው።

«በሩን ዝጋው፤ ልጅቷ በረዳት» አለች።

ባል በሩን ዘጋ። ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፈ። ሦስቱም ሞቋቸው ተኙ።

በማግሥቱ ማለዳ አንዲት አሮጊት ጎረቤት እሳት ልትጭር መጣች። በሩን ብትመታ ቶሎ የሚከፍት አጣች። ቆይቶ ባል እየተንገዳገደ ከፈተ።

«እንዴት አደራችሁ?» አለች።

«ደኅና አላደርኩም፣ እትዬ» አለች ሚስት ከአልጋዋ ሳትነሣ። «ራሴን ይፈልጠኛል። ያጥወለውለኛል። እርግዝናው ነው መሰለኝ።»

አሮጊቷ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ አስመልሷታል፤ ስትጠራም ቶሎ አትነቃም። ባልም ግንባሩን ይዟል።

«ልጄ፣ አንቺስ እርጉዝ ነሽ» አለች አሮጊቷ። «ይህች ሕፃንም እርጉዝ ናት? ባልሽስ እርጉዝ ነው? ኧረ ተነሡ! ከሰሉ ነው!»

በሩን በሰፊው ከፈተችው። ልጅቷን አቅፋ ወደ ውጭ አወጣቻት። ባልም ሚስቱን ደግፎ አወጣት። ከዚያም ጎረቤቶች ደርሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። እዚያ ንጹሕ ኦክሲጅን በአፍና በአፍንጫቸው ተሰጣቸው። አዋላጇ ጆሮዋን በመሣሪያ ሆድ ላይ አድርጋ አዳመጠች። የጽንሱ ልብ ይመታል። እናትየዋ ያን ስትሰማ አለቀሰች። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወንድ ልጅ በጤና ተገላገለች።

ለምን ታመሙ?

እሳት በደንብ ለመንደድ ብዙ አየር ይፈልጋል። ከሰል አየር ባነሰበት ቤት ሲነድ መርዘኛ አየር ያወጣል። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ አይታይም። ሽታም የለውም።

በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከም ነገር አለ። ደም ቀይ የሆነውም በዚሁ ነው። መርዘኛው አየር በዚህ ተሸካሚ ላይ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። አህያ ጭነቷ ከሞላ ሌላ ጭነት እንደማትቀበል፣ ደማችንም መርዙን ከተሸከመ ኦክሲጅን የሚጭንበት ቦታ ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያጥወለውላል። ቀጥሎ እንቅልፍ ይጥላል። ሰውየው በተኛበት ሊሞት ይችላል።

በማሕፀን ያለ ሕፃን የሚተነፍሰው በእናቱ ደም ነው። መርዙም በእናቱ ደም በኩል ይደርሰዋል። ከሕፃኑ ደም ቶሎ ለቆ አይወጣም። እናት ተሽሏት ተነሥታ እንኳ ሕፃኑ ገና ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት በከሰል ከታመመች «አሁን ደኅና ነኝ» ብላ መቅረት የለባትም። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት።

አንዳንዱ «እኛ ገጠር በጭስ ውስጥ አይደል እንዴ ያደግነው?» ይላል። እውነት ነው፤ የእንጨት ጭስም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ጭስ ያስለቅሳል፤ ሲያስለቅስም ያስነሣል። የከሰል አየር ግን ያስተኛል። ሌላው ደግሞ «ፍሙ ቀልቷል፤ ጭሱ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የቀላ ፍምም ሆነ በአመድ የተዳፈነ ፍም መርዙን ያወጣል።

ምን እናድርግ?

1. ከሰል የምንለኩሰው ከቤት ውጭ፣ በጣራ ክፈፍ ሥር ይሁን። የምናበስለውም ቢቻል እዚያው ይሁን።
2. ቤት ውስጥ ማብሰል ወይም ቡና ማፍላት ግድ ከሆነ በርም መስኮትም ይከፈት።
3. ከመተኛታችን በፊት ምድጃው ከነፍሙ ከቤት ይውጣ። ይህን መቼም አንርሳ።
4. ብርዱን በሌላ መንገድ እንከላከል። ልብስ እንደራርብ። አልጋውን ከረጠበው ግድግዳ እናርቅ። ከፍራሹ ሥር ደረቅ ጭድ ወይም ሰሌን እናንጥፍ።
5. በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ከሰሉን እንጠርጥር። በሩን ከፍተን ሁሉንም እናውጣ። ሎሚ ማሽተት አይበቃም። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው።

ክረምት ወላድን እንዳይቀድማት

ብርድና ዝናብ በእኛ ፈቃድ አይመጡም፤ አይሄዱምም። ዝግጅት ግን በእጃችን ነው። የግንቦት ልደታ ካለፈች ክረምት ደጃፍ ላይ ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ የምትወልድ እናት ያለችበት ቤት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይሰናዳ። የጣራው ቀዳዳ ይደፈን። በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። ዝናብ ሳይጀምር ትንሽ ደረቅ እንጨት ከጣራ ሥር ይቀመጥ። ጎርፍ በሌሊትም ይመጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ስለዚህ በክረምት ከወንዝ ዳር አንተኛ።

ነፍሰ ጡር እናት ቀኗን ቆጥራ ክትትል ታድርግ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ነው። በክትትሉ ደሟ ይለካል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና የደም ማነስ መከላከያ እንክብል ይሰጣታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነጻ ነው። ደም ከፈሰሳት፣ ራሷን ክፉኛ ካመማት፣ ዓይኗ ከጨለመ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ከአንቀጠቀጣት፣ የሽርት ውሃ ካለ ጊዜው ከፈሰሰ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ አንድ ቀንም አትቆይ። ትሂድ።

በገጠር ደግሞ ወንዝ ሲሞላ መንገድ ይዘጋል። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት አላቸው። ቤቷ ከወንዝ ማዶ የሆነ እናት ምጥ እስኪመጣ አትጠብቅ። ወንዙ ሳይሞላ ተሻግራ ማቆያው ትግባ። ባልም ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ከዕቁብ ወይም ከጥሪት ለይቶ ያስቀምጥ። ጎረቤትም ሸክም ሊያግዝ ቃል ይግባ። በልደታ ያንን ቤተሰብ ያተረፈው ሀብት አይደለም። በር ያንኳኳ ጎረቤትና አንድ እውቀት ነው። ይህን እውቀት እናንተም አሁን አንብባችሁታል። ለማያነብ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ጥያቄዎች

1. አሮጊቷ ጎረቤት ሕመሙ ከእርግዝናው አለመሆኑን በምን አወቀች?
2. የእንጨት ጭስና የከሰል አየር በምን ይለያያሉ?
3. እናት ከተሻላት በኋላም ለምን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት?
4. በቤታችሁ ማታ ፍሙ የት ያድራል? ዛሬ ምን ትለውጣላችሁ?