ተጨማሪው ብር ምን ይገዛል? የፕሪሚየምና የመደበኛ ናፍጣ ስሌት

በብዙ የውጭ አገር ማደያዎች ናፍጣ በሁለት ደረጃ ይሸጣል። አንደኛው መደበኛው ሲሆን ሁለተኛው «ፕሪሚየም» የሚባለውና ዋጋው ከፍ ያለው ነው። ከመካነ ሰላም እህል ጭኖ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚመላለስ ባለመኪና ግን ምርጫው በዚህ መልክ አይገጥመውም። የሚገጥመው በመለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው የናፍጣ ማበልጸጊያ ጠርሙስ ነው። ማደያው ነዳጅ ሲያልቅበት ደግሞ የጀሪካን ናፍጣ ይመጣል። ሁለቱም ከመደበኛው ዋጋ በላይ ያስወጣሉ።

አስቀድሞ ስሞቹን መለየት ይገባል። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር በሚያወጣው የዋጋ ዝርዝር «ነጭ ናፍጣ»፣ «ቀላል ጥቁር ናፍጣ» እና «ከባድ ጥቁር ናፍጣ» ይገኛሉ። ይህ የጥራት ደረጃ አይደለም። ጥቁሩ ለፋብሪካ ምድጃና ማሞቂያ የሚውል ነው፤ ለመኪና የሚሆነው ነጩ ብቻ ነው። የነጩም ዋጋ የሚተመነው በመንግሥት እንጂ በማደያው ስም አይደለም።

ፕሪሚየም ናፍጣ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሴቴን ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ነው። ይህ ቁጥር ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ተረጭቶ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀጣጠል ያሳያል፤ ዝቅተኛው በአውሮፓ 51፣ በአሜሪካ 40 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሞተሩ በብርድ ጠዋት ቶሎ ይነሳል፤ ድምፁም ይለዝባል። ሁለተኛው ኖዝል የሚያጸዳ ኬሚካል መያዙ ነው።

የደጋውን ችግር ግን አይፈታም። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና በጉጉፍቱ ዳገት ቢያቃስትና ቢያጨስ ዋናው ምክንያት የአየር ማነስ ነው። ለዚህ በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የነጭ ናፍጣ ዋጋ በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። ለስሌት እንዲመች 100 ብር ይያዝ። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር የሚፈጅ የጭነት መኪና 2,500 ብር ያወጣል። ማበልጸጊያው በሊትር 10 ብር ቢጨምር፣ ባለቤቱ ሳይከስር ለመውጣት ፍጆታው ወደ 22.7 ሊትር መውረድ አለበት። ይህ 9 በመቶ ቁጠባ ነው። ደኅና ሞተር ላይ ማበልጸጊያ ይህን ያህል አይቆጥብም።

የጀሪካኑ ሒሳብ ከዚህ የባሰ ነው። ገዢው የፕሪሚየም ዋጋ ከፍሎ ከመደበኛው ያነሰ ሊወስድ ይችላል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይቀጥናል፤ ፓምፑንና ኖዝሉን የማለስለስ አቅሙ ይቀንሳል። ግማሽ በሆነ በርሜል ውስጥ ደግሞ የደጋው ሌሊት ብርድ እርጥበትን ወደ ውሃ ይለውጣል። መካኒካል ፓምፕ ያላቸው አሮጌ መኪኖች ይህን ለጊዜው ይችሉት ይሆናል። ኮመን ሬይል የተገጠመላቸው አዳዲሶቹ ግን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚሠሩ ጥቂት ውሃና አቧራ ይበቃቸዋል። የኖዝል ቅያሪ የብዙ ምልልስ ትርፍ ይበላል። ከዚህም ሌላ፣ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከሕጋዊ መስመር ውጭ ነዳጅ መነገድን ያስቀጣል።

በመሆኑም ተጨማሪ ገንዘብ ያለው ባለመኪና በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያወጣው ይጠቀማል፦

1ኛ. ፊልትሮ በጊዜው መቀየር፤ የውሃ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ።

2ኛ. ማታ ቋቱን ሞልቶ ማደር፤ ባዶ ቦታ ሲያንስ የሚፈጠረው ውሃም ያንሳል።

3ኛ. በደሴ ሞልቶ መነሳት፤ ለመልሱ የሚበቃውን አስቀድሞ ማስላት።

4ኛ. የተጠረጠረ ናፍጣ በብርጭቆ ጠርሙስ አሳድሮ ማየት። ውሃ ከሥር ይዘቅጣል፤ ደፍራሹም ይለያል። ላምባ ግን በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ምንጩን ማወቅ ከምርመራው ይቀድማል።

5ኛ. ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ፣ ኖዝሉ ቆሽሾ ከሆነ፣ ማጽጃውን መሞከር።

የጭነት ዋጋ የሚያስማማ ደላላም ይህን ስሌት ቢያውቅ ይበጀዋል። ከሌላው ረክሶ የቀረበ መኪና ነዳጁን ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና እህሉን ለገበያ ቀን አያደርሰውምና።